እስከ አፉ የሞላ ገበቴ

በአገራችን ማመንም አለማመንም ነፃ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የጻፍኩትን የሚያነብ ሰው ካለ አገሬን ክፉ አገር አድርጎ እንዳይቆጥርብኝ ነው። ስሜ ይርዳው ይባላል። በምርጫ አዳራሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውኃ ቀጂ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የምለውን አውቃለሁ።

በአያቶቻችን ዘመን የነበረው መንግሥት ሰውን ሁሉ አደባባይ እያስወጣ «ፈጣሪ አለ» ያሰኝ ነበር። እንቢ ያለ ይገረፋል። ቀጥሎ የመጣው መንግሥት በዚያው አደባባይ፣ በዚያው ጅራፍ፣ «ፈጣሪ የለም» ያሰኝ ጀመር። አባቴ ሁለቱንም መጀመሪያ እንቢ ብሎ ኋላ ሁለቱንም ብሏል። ጀርባው ሰንበር በሰንበር ነበር፤ የትኛው ሰንበር የየትኛው መንግሥት እንደሆነ ስንጠይቀው ግን እሱም አያውቀውም ነበር።

ሦስተኛው መንግሥት አስተዋይ ነው። በመጣ በሳምንቱ ጅራፉን አደባባይ ላይ አቃጠለና አንዲት አጭር ሕግ አወጀ፦ «ፈጣሪ አለ ወይም የለም ብሎ መምረጥ የእያንዳንዱ ሰው ነፃ ፈቃድ ነው፤ በፍርሃት የተሰጠ መልስ ግን መልስ አይደለም።» ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ትከሻ ላይ ተቀምጬ፣ ሰንበሩን እንዳልነካበት እግሬን ሰብስቤ፣ አጨብጭቤአለሁ።

ችግሩ ቆይቶ ታየ። በፈቃዱ የመለሰውንና ፈርቶ የመለሰውን በምን ይለዩት? ዐዋቂዎች ሁለት ዓመት ተቀምጠው መከሩ። ሰው በአፉ ይዋሻል፣ በፊቱም ይዋሻል፣ በእጁ ግን መዋሸት ይቸግረዋል አሉ። ውኃው የመጣው እንዲህ ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በየሰባት ዓመቱ ወደ አዳራሹ ይጠራል። በሩ አጠገብ ካለው የኔ ጠረጴዛ እስከ አፉ የሞላ የእንጨት ገበቴ ይቀበልና በሁለት እጁ ይዞ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ተራምዶ፣ የፈቃድ መርማሪው ፊት ይቆማል። «ፈጣሪ አለ ወይስ የለም?» ተብሎ ይጠየቃል። «አለ» ያለ በቀኝ በር ይወጣል፤ «የለም» ያለ በግራ በር። ሁለቱም በሮች የሚያወጡት አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ግቢው መሐል አንድ ትልቅ ሾላ አለ። አለ በማለቱ ወይም የለም በማለቱ የተነካ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አላየሁም። ይህን እመኑኝ።

ታዲያ ከገበቴው አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ከወደቀች ሰውየው ፈርቷል ማለት ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ነፃ አይደለም። ነፃ እስኪሆን ድረስ ከወንዙ ማዶ ወደሚገኘው ማረጋጊያ ቤት ይወሰዳል።

የኔ ሥራ መቅዳት ነው። እንዲያው ዝም ብሎ መቅዳት አይደለም። ስንደዶ ገበቴው አፍ ላይ ስታጋድሙ ስንደዶው መራስ አለበት፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ ቢጨመር ይፈሳል፣ አንዲት ጠብታ ቢጎድል ስንደዶው ደረቅ ይሆናል። ያን የራሰ ስንደዶ ከፍ አድርጌ ለመርማሪው አሳያለሁ፣ መርማሪው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሰውየው ገበቴውን ያነሣል። በዚህ ሥራ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ከሌላ ከተማ ሊያዩኝ የመጡ ቀጂዎች ሁሉ ነበሩ፤ እኔም አልጠላሁትም።

ውኃ ቀጂ አይጠየቅም። ሐሳብ ያለው ሰው ሲቀዳ እጁ ወደ ሐሳቡ ያጋድላል ተብሎ ስለሚታመን፣ ቀጂ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ አለም የለምም አይልም። ጎረቤቶቼ ይቀኑብኝ ነበር። እኔም ማታ ማታ እንቅልፌን ለጥ ብዬ የምተኛው እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ እኩራራ ነበር።

ሰዉ መቼስ ኑሮው ሁሉ ልምምድ ሆነ። ጠዋት ወደ ሥራዬ ስሄድ በየመንገዱ ሰው ገበቴ ተሸክሞ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ አገኛለሁ፤ ሰላምታ ብሰጠው በዐይኑ ብቻ ይመልሳል። እጅ አስተማሪ የሚባል አዲስ ሙያ ተፈጠረ። ሽማግሌዎች ለልጃቸው ባል ሲመርጡ ስለ ወገኑ መጠየቅ ትተው ሙሉ ገበቴ ያሸክሙት ጀመር። «አይዞህ» የሚለው ቃል አዳራሹ ውስጥ ተከለከለ፤ የሚያስፈራ ነገር ያለ ያስመስላላ። ወፍጮ አንድ እጁን የበላው አንድ ሰው ገበቴውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ እንዲመልስ ተፈቀደለትና አንድም ጠብታ ሳይፈስበት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ወፍጮ በልቷቸዋል። በአጋጣሚ ነው አሉ።

እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሴት ገበቴውን ገና ከጠረጴዛዬ ሲያነሡት ፈሰሰባቸው። «ልጄ፣ ይሄ እርጅና ነው» አሉ። መርማሪው አቶ ልሳኑ ነበሩ። አቶ ልሳኑ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ በበጋ ሳይቀር አንገታቸው ላይ ፎጣ የማይለያቸው፣ ማንንም ተቆጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ለበላይ ጻፉላቸው። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ እርጅናም ሞትን መፍራት ነው፣ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አይታወቅም እንጂ፣ ይል ነበር። እማማ ጥሩነሽን ወደ ማረጋጊያ ቤት የሚወስደው ጋሪ ሲነሣ አቶ ልሳኑ በፎጣቸው ዐይናቸውን ጠረጉ። «ለነፃነታቸው ነው፣ ይርዳው» አሉኝ። እኔም ነው አልኩ።

በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። በከተማችን ስለ ውኃ፣ ስለ እጅ፣ ስለ ስንደዶ የማይወራ ቀን አልነበረም፤ ስለ ፈጣሪ ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ልብ ያስባለችኝ ባለቤቴ ናት። ከእሷ በፊት ግን ስለ ማንያዘዋል መናገር አለብኝ።

ማንያዘዋል አጥር የሚጋራን ጎረቤታችን ነው። ሲስቅ ሦስተኛው ቤት ይሰማል፤ ድንጉጥም ነበር፣ ከኋላው መጥተን «እእ!» ስንለው ዘሎ እንጨት ላይ የሚወጣ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ጠብታ ፈሰሰበትና ወሰዱት። በአምስተኛው ወር ተመለሰ። ወፍሯል፣ ልብሱ ንጹሕ ነው፣ ምንም የጎደለው ነገር አይታይም። ሚስቱ በደስታ ጎረቤት ጠራች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሦስት ዓመት ልጁ የውኃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወጥታ ቆመች። ባለቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ አየቻት። አጥሩን እንዴት እንደዘለለችው እሷም አታውቅም፤ ቀሚሷ ተቀዶ፣ ጉልበቷ ደምቶ፣ ልጅቷን በልብሷ ጫፍ ይዛ አወረደቻት። እኔ ተከትዬ ስደርስ ባለቤቴ እየጮኸች ነበር።

«አላየሃትም ወይ አንተ ሰው?»

«አይቻታለሁ» አለ ማንያዘዋል።

«ታዲያ?»

ማንያዘዋል ጥያቄውን በትክክል ለመመለስ ጥቂት አሰበ። «ልትወድቅ ትችል ነበር» አለ።

እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተቀምጠዋል። እንደዚያ የረጋ እጅ በሕይወቴ አላየሁም። በሥራዬ የረጋ እጅ ስወድ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ግን ፊቴን አዞርኩ።

የባለቤቴ የአስናቀች መጥሪያ የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። አሥራ ሁለት ቀን ሰጥተዋታል።

እኔ መጀመሪያ አልተጨነቅሁም። አስናቀች ጥልፍ ጠላፊ ናት፤ እጇ መርፌ አይስትም፣ ደመና በሆነ ቀን እንኳ ክሩን በአንድ ሙከራ ታሾልካለች። ከሰባት ዓመት በፊትም አንድ ጠብታ ሳታፈስ አልፋለች። እንዲያው ለወጉ ያህል ግቢያችን ውስጥ አሥራ ሁለት እርምጃ ለክቼ ችካል ተከልኩና ገበቴ ሞላሁላት። እየተራመደች መጣች፤ ውኃው አልተነቃነቀም።

«ፈጣሪ አለ ወይስ የለም?» አልኳት፣ የአቶ ልሳኑን ድምፅ አስመስዬ።

«የለም» አለች። ውኃው ጸጥ እንዳለ ነው።

«በቃ!» አልኩ ደስ ብሎኝ። «ያንቺ ነገር አልቋል።»

«ድገመኝ» አለች።

ደገምኳት። በዚህኛው ጊዜ «አለ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ገና ከንፈሯ ሲላቀቅ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ውኃው ጫማዋን አራሰው፣ ችካሉን አራሰው፣ ዶሮዎቻችን መጥተው ይጠጡት ጀመር።

ገበቴውን ተቀብዬ አስቀመጥኩ። «እንግዲህ የትኛውን እንደምትይ ዐወቅሽ» አልኳት፤ ነገሩን በቀልድ ለማለፍ።

«ያን ጊዜ የለም ብያለሁ» አለች። «የዛሬ ሰባት ዓመት። አንተው ነህ የቀዳህልኝ። በግራ በር ወጣሁና ሾላው ሥር አስታወክሁ።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅከኝም። ምን መሰለህ፣ ይርዳው፣ የለም ስል ይንቀጠቀጣል ብዬ ስጠብቅ እጄ ጸጥ አለ። እኔ በዕድሜዬ የፈራሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስሙን እየጠራሁ እጄን አየዋለሁ። ሲንቀጠቀጥ ነው ልቤ የሚመለስልኝ።»

«ፍርሃት ነዋ! እነሱስ ምን አሉ? በፍርሃት ማመን ማመን አይደለም።»

«ቀለበት ስታጠልቅልኝ እጄ ምን ሆኖ ነበር?»

ያን ቀን እጇ ሲንቀጠቀጥ ቀለበቱ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሚዜዎቹ ምንጣፍ ገልብጠው ፈልገውታል።

«እሱስ ተገድጄ ነው?» አለች። «ማንም አልያዘኝም፤ በሩ ክፍት ነበር። በሩ ክፍት ስለነበረ ነው የተንቀጠቀጥኩት። ብፈልግ መውጣት እችል ነበራ።»

አሥራ አንዱን ቀን «የለም» በዪ ብዬ ለመንኳት። ተቆጣሁ፣ አባበልኩ፣ ማንያዘዋልን በአጥሩ ቀዳዳ አሳየኋት። እኔንስ አላሳዝንሽም ወይ አልኳት። «ታሳዝነኛለህ» አለች፣ ዐይኗ ሞልቶ፤ ግን ቃሏን አልመለሰችም። አንድ ቀን ጥልፏን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝና «አንተስ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

«እኔ ውኃ ቀጂ ነኝ። አልጠየቅም።»

«እኔ እኮ ነኝ የጠየቅኩህ፤ አቶ ልሳኑ አይደሉም።»

በሩን ልዝጋ ብዬ ተነሣሁ። በሩ ተዘግቶ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ አርባ ያህል ሰው ተሰልፏል፣ አስናቀች ሰባተኛ ናት። ስድስቱን እንደወትሮዬ ቀዳሁ፤ ሦስቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ወጡ፣ አንዱ ፈሰሰበት። አስናቀች ፊቴ ስትቆም የውኃ ማድጋዬን አነሣሁ። ያሰብኩትን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ገበቴውን ጣት ያህል አጎድዬ ቀዳሁና ስንደዶውን ማድጋው ውስጥ ነክሬ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። አቶ ልሳኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት እምነት ነው። አይዞሽ ልላት ፈልጌ ምላሴን ነከስኩ።

አስናቀች ገበቴውን ስታነሣ መቅለሉን ዐወቀች። ቀና ብላ አየችኝ፤ አሥራ ሁለቱን እርምጃ ሄደች።

«ፈጣሪ አለ ወይስ የለም?»

«አለ» አለች።

እጇ ተንቀጠቀጠ። ውኃው ከዳር ዳር ተመላለሰ፣ አፉ ድረስ ወጣ፣ ተመለሰ። አልፈሰሰም። አንድም ጠብታ አልወደቀም። ጠረጴዛውን ተደገፍኩ።

አቶ ልሳኑ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚጠይቁትን፣ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልስ የሚመልስላትን ጥያቄ ጠየቁ። «ይህን ያሉት ፈርተው አይደለም፣ አይደል እሜቴ?»

አይደለም ብትል አልቆ ነበር። አንዲት ቃል ናት።

«እፈራዋለሁ እንጂ» አለች አስናቀች። «በጣም ነው የምፈራው።»

አቶ ልሳኑ ወለሉን አዩ። ወለሉ ደረቅ ነው። ሕጉን ገለጡ፣ ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ። «ውኃው አልፈሰሰም» አሉ በትሕትና። «ስለዚህ አልፈሩም። በቀኝ በር ይውጡ።»

«ፈርቻለሁ አልኩ እኮ፣ ጌታዬ።»

«እሜቴ፣ አልፈሩም። አፍና ውኃ የተለያዩ እንደሆነ የሚታመነው ውኃው ነው።»

«እጄን አያዩትም?»

አቶ ልሳኑ እጇን አዩ። አሥሩም ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ከእጇ ወደ ውኃው፣ ከውኃው ወደ ገበቴው አፍ ዐይናቸውን አዛወሩ፤ ተነሥተውም ጣታቸውን ገበቴው ውስጥ ነከሩና ስንት ያህል እንደጎደለ ለኩ። ፎጣቸውን አስተካከሉ።

«ይርዳው» አሉኝ፤ አሁንም ድምፃቸው አልጨመረም። «ይህን ማን ቀዳው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እጅህ ስቶ ነው። ሰው ነህ፣ አንድ ቀን ይስታል። ሙላላትና ትመለስ፣ እንደ አዲስ እንጠይቃታለን።»

እንዳልጠፋ ብለው ነው፤ መልካም ሰው ናቸው። ማድጋውን አነሣሁ። ብሞላላት የሚሆነውን አውቃለሁ። ባልሞላላትም አውቃለሁ። ማንያዘዋል ዱካው ላይ ተቀምጦ ታየኝ፣ ከጎኑ አስናቀች ተቀምጣ፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በረጋ እጅ፣ ሰዓቱን እንደሚናገር ሆኖ፣ አለ ብሎ በቀኝ በር ሲወጣ አይቻለሁ። እንደዚህኛው ያለ «አለ» ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«አልሳተም» አልኩ። «ሆን ብዬ ነው ያጎደልኩት።»

«ለምን?»

«ፈርቼ።»

ሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አቶ ልሳኑ ከልባቸው አዘኑ። «የፈራ ቀጂ ሐሳብ አለው ማለት ነው» አሉ። «ሐሳብ አለህ እንዴ፣ ይርዳው?»

«አንድ ሳይኖረኝ አይቀርም።»

«እኛ አልጠየቅንህም።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ማንም አልጠየቀኝም» አልኩ። «አለ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ድረስ እንደማምን አላውቅም ነበር። አሁንም ከየት እንደመጣ ልነግራችሁ አልችልም። ብቻ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አልል ስችል አልኩት፤ ወዲያውም ከጥፍሬ እስከ ጠጉሬ ፍርሃት ወረረኝ። እነሱን አልነበረም የፈራሁት። ያለን ነገር አለ ብዬ ስጠራው፣ ዞር ብሎ ያየኝ መሰለኝ። ማድጋው ከእጄ ወደቀና ተሰበረ። ውኃው ወለሉን ሞልቶ ሲሄድ ሰልፈኞቹ አንድ አንድ እግራቸውን አነሡ፤ ገበቴ ለመጠበቅ ለምደው ነው መሰለኝ፣ ሚዛናቸውን የሳተ አንድም አልነበረም።

የኔ ጉዳይ ግልጽ ነበር። አስናቀች ግን አንድም ጠብታ ስላላፈሰሰች፣ የገበቴው መጉደልም የቀጂው ጥፋት እንጂ የሷ ስላልሆነ፣ ነፃ ናት ተባለ። አቶ ልሳኑ ራሳቸው የቀኙን በር ከፈቱላት። ከበሩ ባሻገር ሾላው ይታያል፣ ፀሐይ ወጥቷል። አስናቀች በሩን አየች፤ እኔን ሁለት ዘበኞች ይዘውኛል፣ እኔንም አየች። ከዚያ ገበቴውን ቀስ ብላ ዘቀዘቀችው። እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ ጠበቀች።

«አሁንስ ፈሷል?» አለች።

ማረጋጊያ ቤት ክፉ ቦታ አይደለም። ምግቡ ጥሩ ነው፣ አልጋው ንጹሕ ነው፣ ማንም እጁን አያነሣብንም። እማማ ጥሩነሽንም አገኘኋቸው፤ አሁን እዚህ አስታማሚ ናቸው፣ ወጥ ሲጨልፉ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ እኔን ግን አላወቁኝም። ማረጋጊያው ቀላል ነው። ሙሉ ገበቴ ያስይዙንና አንድ ቀን ሙሉ «አለ» እንላለን፤ በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ «የለም» እንላለን። ሺህ ጊዜ ነው፣ ሺህ ሲሞላ ምሳ እንበላለን። ሁለቱ ቃላት አንድ ዓይነት እስኪመዝኑ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ነፃ ነው፤ የፈለገውን መምረጥ ይችላል።

የኔና የአስናቀች ክፍል በሳንቃ ግድግዳ ነው የሚለየው። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ከተበላ በኋላ ሳንቃውን አንኳኳለሁ።

«ትፈሪያለሽ?» እላታለሁ።

«እፈራለሁ» ትለኛለች።

«ተመስገን» እላታለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ትቀልድም ነበር። «አንተስ፣ አገር ያደነቀህ ቀጂ?» ትለኛለች፤ ማንኪያ መያዝ አቅቶኛል ስላት ትስቃለች። በሦስተኛው ሳምንት ቀልዱ ቀረ፤ «እፈራለሁ» ብቻ። ከዚያ «እ» ብቻ ሆነ። ከኔ ይልቅ እሷ ጎበዝ ናት፣ እጇ የተማረ ነው፣ የያዘችውን ሥራ ደግሞ አታበላሽም። ይህን እያሰብኩ ነው ሌሊቱን የማነጋው። እኔ ባልያዝ ኖሮ በቀኝ በር ወጥታ ቤቷ ነበረች።

እጃችን መቅናቱን ለማየት በየቀኑ ወረቀት ይሰጡናል፣ የፈለግነውን እንጽፋለን። የጻፍነውን አያነቡትም፤ መስመሩን በክር ይለኩታል። የኔ መስመር እስከ ዛሬ አልቀናም። ይህ ጽሑፍ የተጣመመ ከሆነ ስለዚያ ነው፤ ሲቀና ያያችሁበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ አትመኑኝ።

ዛሬ ጠዋት እንደወትሮዬ አንኳኳሁ።

«አስናቄ፣ ትፈሪያለሽ?»

ከአልጋዋ ስትነሣ፣ ወደ ሳንቃው ስትቀርብ ሰማኋት። ድምፅዋ መልካም ነበር፤ መንገድ የጠፋበትን እንግዳ እንደምታነጋግር በትሕትና ጠየቀችኝ።

«ምኑን?»

እጄን አየሁት፤ ገና ይንቀጠቀጣል፣ እንደውም ብሶበታል። ሳንቃው ላይ አስደገፍኩት፣ እሷ በኩል እንዲሰማት፣ ሳንቃው አብሮ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

«ግድ የለሽም» አልኳት። «ልብሽ እስኪመለስ እኔ ለሁለታችን እፈራለሁ።»